ሠላሳው ቀን ሁሉ ግዝት

ቤታችን ውስጥ ከእኔም ከባለቤቴም በላይ የሚከበር አንድ ወረቀት አለ። ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። እኔ ስናገር የሚሰማኝ የለም፤ ባለቤቴ ስትናገር እኔ ብቻ እሰማለሁ፤ ወረቀቱ ግን ትንፍሽ ሳይል ቤቱ ሁሉ ይታዘዝለታል። አራት ቀለም አለው። ቀዩ ሒሳብ ነው፣ ሰማያዊው ቋንቋ፣ አረንጓዴው ስፖርት፣ ቢጫው ደግሞ «ልዩ ተሰጥኦ» ይባላል። ተሰጥኦው የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተጣራም። የወረቀቱ ባለቤት ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጃችን ናት፤ ነገር ግን አንድም ቀን ማንም አማክሯት አያውቅም።

እስቲ ቅዳሜዋን ብቻ ልንገራችሁ። ሁለት ሰዓት ላይ እንግሊዝኛ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሒሳብ፤ ይህ ሒሳብ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ከምትማረው ሌላ፣ ማክሰኞና ሐሙስ አስጠኚው ቤት መጥቶ ከሚያስጠናትም ሌላ ነው። አምስት ሰዓት ኪቦርድ። ምሳዋን ባጃጅ ውስጥ ትበላለች። ሰባት ሰዓት ቴኳንዶ። ዘጠኝ ሰዓት ሥዕል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጨካኞች ናቸው እንዳትሉን፣ «ነፃ ጨዋታ» የሚል አለ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ። አጠገቡ በቅንፍ «በክትትል» ይላል። እሑድም ከቅዳሴ መልስ እንዲሁ ነው። በዚህ ወረቀት አንድ ክፍለ ጦር ከነስንቁ ጣናን ማሻገር ይቻላል። እኛ ግን አንዲት ልጅ ከልጅነቷ አሻገርንበት።

ሠፈራችን ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ነው። ከየአገሩ ተጠራቅመን የመጣን ደመወዝተኞች ነን፤ አንዱ ከፋብሪካ፣ አንዱ ከኮሌጅ፣ አንዱ ከቢሮ። ዕድር ላይ በድንኳን ቀለም እንኳ ተስማምተን አናውቅም። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም አንድ ልብ ነን፦ ልጅ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ይበሰብሳል። ልክ እንደ ቲማቲም። የጎረቤታችን ወይዘሮ በአጥር ብቅ ብላ «የኔዋ ቼዝ ጀመረች» ካለች፣ በሳምንቱ የእኛዋም ንጉሥና ፈረስ ስትገፋ ትገኛለች። የእኛዋ ኪቦርድ ስትጀምር ደግሞ የእሷዋ ቫዮሊን ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ የሠፈሩ ውሾች ሌላ ሠፈር ገቡ። ልጃችን ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት ጥቁር ገዋን አልብሰን ከመዋዕለ ሕፃናት አስመርቀናታል። ቆቡ ዓይኗን ሸፍኖት ግድግዳ ገጨች። አጨበጨብን። ቪዲዮው አለ።

እኔ ለዚህ ቤት የማበረክተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወሬ። መሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ሲያንቀላፋ «እስቲ አንድ ጣል አድርግ» ብለው የሚያስነሡኝ እኔን ነው። ከወሬዎቼ ሁሉ የምትበልጠው ደግሞ የፍየሏ ወሬ ናት፤ ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሳፍራ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የመጣች የአንዲት ፍየል ነገር። ይህች ወሬ ስትቸኩል ትሞታለች። የጀልባውን ባለቤት ጢም መግለጽ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ልጄ አራት ዓመት ሆኗት ሳለ ጢሙ ላይ ስደርስ ጀምራ ትንፈራፈር ነበር፤ ከጢሙ አልፈን አናውቅም፣ በሣቅ ትደክምና ትተኛለች። ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ ግን እንዲህ ሆነ፦

«አባዬ፣ ረጅም ነው?»

«ምኑ?»

«ወሬው።»

«ኧረ ገና ፍየሏ ጀልባው ላይ አልወጣችም!»

«እንግዲያው ነገ ጨርሰው። አሁን ኪቦርድ አለኝ።»

ነገ ደግሞ ሥዕል አለ። ከነገ ወዲያ አስጠኚ አለ። እንዲህ እየተባለ ፍየሏ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ፣ ሦስቱን ደቅ ላይ አድርጋ ሁለት ዓመት ቆመች። እሷ ቆማ እኔ ሸበትሁ። አንድ ቀንማ ጨርሼ ላወራት ቆርጬ ስነሣ፣ ልጄ ጫማዋን እያሰረች ቀና ሳትል «አባዬ፣ ዋናውን ነጥብ ብቻ ንገረኝ» አለችኝ።

ዋናውን ነጥብ! ከፍየል ወሬ! የመምሪያ ኃላፊያችን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ቀልዱን ልተወውና፣ ያን ዕለት ደነገጥሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወሬ ሰምቶ ለመሣቅ ጊዜ ካጣ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሲሞላው አባቱን የሚያውቀው በዋና ዋና ነጥብ ነው። ቆጥሬ አየሁት፤ ባጃጅ ላይ አሳፍራታለሁ፣ ከባጃጅ አወርዳታለሁ፤ በመካከሉ ያለችዋን ልጅ አላውቃትም። እያመለጠችኝ ነበር፤ በእኔው ሹፌርነት።

ታዲያ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? የተማርሁ ሰው አይደለሁ? ሌላ ፕሮግራም ጨመርሁላት።

ነገሩ የመጣው በዚያችው በወይዘሮዋ ነው። የእሷዋ ልጅ በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ብድግ ብላ የዳዊት መዝሙር በግዕዝ ወረደችው። ባለቤቴ ቤት ስትገባ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። በማግስቱ ልጃችንን ይዤ በሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ልጆች ወደሚያስተምሩት የኔታ ዘንድ ሄድሁ። የኔታ የደቅ ሰው ናቸው፤ ከደሴቱ ወጥተው ባሕር ዳር ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ግን አሁንም የሚናገሩት ጀልባ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

«የኔታ፣ በሁለት ወር ዳዊት ትደግምልኛለች?» አልኋቸው።

«በሁለት ወር?» አሉ። ጢማቸውን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱ፤ ይህ ብቻ አንድ ደቂቃ ወሰደ። «ልጄ፣ ዳዊት ራሱ በሁለት ወር አልጻፈውም።»

«ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው ያላት። እሱንም ከነፃ ጨዋታዋ ቀንሰንላት ነው።»

«የቀረውን ሰዓቷን ማን ወሰደባት?»

ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። እሳቸው አልሣቁም። «ሲያልቅስ ሰርተፊኬት ይኖረዋል?» አልሁ ነገር ለማስቀየር።

«ምን?»

«መማሯን የሚመሰክር ወረቀት።»

«እሷ ራሷ አለች አይደል? ትመስክር።»

እንዲህ ተጀመረ። የቤተ ክርስቲያን ንባብ «ቁጥር» ከሚባለው ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው እየተጎተተ፣ እንደ ገብስ እየተለቀመ ይነበባል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መስመር ይዛ መጣች። በሁለተኛው ሳምንት ያንኑ መስመር ይዛ መጣች። በሦስተኛውም ያንኑ፤ ትርፏ የወሩን ቀናት መያዟ ነበር፤ «አንድ ልደታ፣ ሁለት ታዴዎስ፣ ሦስት በአታ» እያለች እስከ ሠላሳ። ባለቤቴ ወረቀቱ ኅዳግ ላይ «ዕድገት፦ ደካማ» ብላ ጻፈች። እኔም ደካማ ነው አልሁ። አንድ ነገር ግን ልብ ሳልል አልቀረሁም። ልጄ ከየትም ስትመለስ ደጃፉን ሳትሻገር «አሁን ምን አለኝ?» የምትል ልጅ ናት። ከየኔታ ስትመለስ ብቻ አትልም።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ የሒሳብ አስጠኚዋ መጥቶ በር ላይ ቆሟል፤ ልጄ እጇን አጣምራ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች።

«ዛሬ አልማርም» አለች።

«ለምን?»

«ዛሬ ዐሥራ ሁለት ነው። ሚካኤል ነው። ግዝት ነው።»

ግዝት ማለት ቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይሠራበት የከለከለችው ቀን ነው። ገበሬው አያርስበትም፣ እንጨት አይፈለጥበትም፣ እህል አይፈጭበትም። ሒሳብ ግን በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሰምቼ አላውቅም።

«ሒሳብ እኮ ሥራ አይደለም፣ እሜቴ» አልኋት።

«ነው። የኔታን ጠይቄያቸዋለሁ። መጀመሪያ ቴኳንዶ ሥራ ነው ወይ አልኋቸው። ‹ምንድን ነው እሱ?› አሉ። በእግር መምታት ነው አልሁ። ‹ማንን?› አሉ። አየርን አልሁ። ‹አየር ምን አድርጎሽ?› አሉ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ላብ ካወጣ ሥራ ነው አሉ። ሒሳብ ደግሞ ያልበኛል። እየው።» መዳፏን ዘረጋችልኝ። እውነትም ወርዝቷል።

አስጠኚው ከገጠር፣ ከአንበሳሜ የመጣ የቄስ ልጅ ነው። ደብተሩን ብብቱ ሥር መልሶ «ጋሼ፣ በሚካኤልማ እኔም አልደፍርም» አለኝና ውልቅ ብሎ ሄደ። ደስ ብሎት ነው የሄደው።

እኛም አንድ ቀን ነው ብለን ተውነው። ሞኝነታችን! ዐሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ቅዳሜ ዋለች፤ ቴኳንዶ ቀረ፣ ኪቦርድ ቀረ። ዐሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ማክሰኞ ዋለ፤ ሒሳብ ቀረ። ሃያ አንድ ማርያም ሐሙስ ናት፤ አስጠኚው ጭራሽ ሳይመጣ በስልክ «እንኳን አደረሳችሁ» አለ። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ቅዳሜን ጠራርጎ ወሰደው። ፍሪጁ ጋ ሄጄ ወረቀቱን ጠጋ ብዬ ሳየው፣ ከታች በኩል በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ ሠላሳው ቀን ሁሉ ተሞልቷል። ከልደታ እስከ ማርቆስ ሠላሳ ቀን፣ ሠላሳ ባለቤት። ክፍት የቀረ ቀን የለም። «ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል» የሚልም አለ፤ ጳጉሜን ሊመጣ ገና ሰባት ወር ሲቀረው።

እዚህ ላይ የእንጀራዬን ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ የግብርና ሠራተኛ ነኝ። አንበሳሜ ዙሪያ ያለ ገበሬ የእኔን ድምፅ ከአህያው ድምፅ ለይቶ ያውቃል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ «በዓል አበዛችሁ! በበዓል ብዛት ነው የደኸያችሁ!» እያልሁ ጮኼበታለሁ። ትልቅ ወረቀት ዛፍ ላይ ሰቅዬ፣ በዓሉን በቀይ፣ የሥራ ቀኑን በአረንጓዴ ቀለም እየቀባሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጭራቸውን እያወዛወዙ ተነሡና «ጌታው፣ እኛስ እንዳንሠራ ነው የተገዘትን። እናንተን እንዳታርፉ የገዘታችሁ ማን ነው?» አሉኝ። ሕዝቡ በሣቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሣቅሁና ሪፖርቴ ላይ «የአመለካከት ችግር ይታያል» ብዬ ጻፍሁ።

ያ የአመለካከት ችግር አሁን ቤቴ ገብቶ ሶፋዬ ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

ባለቤቴ «የአንተ ዘር ናት» አለችኝ። «ሂድና ከየኔታ ጋር ጨርስ።» ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አነሣን፤ ልጅቷን ከመሀል አድርገን፣ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ ሦስት ሆነን ሄድን። ግዝቱ ሠላሳ እንዳልሆነማ አውቃለሁ፤ ሃያ ዓመት የቆጠርሁትን! ከአፋቸው ሰምታ እንድታፍር ነበር የፈለግሁት።

የኔታ ወረቀቱን በእጃቸው ርቀት ያህል ዘርግተው አዩት። «ይህ ሁሉ ቀለም የምን ነው?» አሉ።

«የልጅቷ ፕሮግራም ነው፣ የኔታ። እያንዳንዱ ትምህርት በየቀለሙ።»

ጣታቸው ቀስ እያለ ሲሄድ ሲሄድ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቆመ። «ይህችስ?»

«ነፃ ጨዋታ ናት» አለች ባለቤቴ።

«ሌላው እስር ነው ማለት ነው?»

ልጄ ጫማዋን ማየት ጀመረች፤ ትከሻዋ በሣቅ ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ሳይበላሽ ልድረስ ብዬ «የኔታ፣ ልጅቷ ሠላሳውን ቀን ሁሉ ግዝት አድርጋብናለች። ለመሆኑ ግዝቱ ስንት ነው?» አልሁ።

«ከወሩ በዓላት ግዝቱ ሦስት ነው» አሉ። «ዐሥራ ሁለት ሚካኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ እግዚአብሔር። ሌላው መታሰቢያ ነው፤ ያከበረው ይባረካል፣ የሠራበትም አይገዘት።»

ደረቴን ነፋሁ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ቤተ ክህነት ከእኔ ጋር ስትስማማ ገና ያኔ አየሁ። «ሰማሽ፣ እሜቴ?» አልሁ። ልጄ አንገቷን ደፋች። እዚያ ላይ አመስግኜ፣ መስቀል ተሳልሜ ብሄድ ኖሮ አሸንፌ ነበር። እኔ ግን የድል ወሬ ማርዘም እወዳለሁ፤ «የኔታ፣ እንግዲህ በእነዚህ በሦስቱ አልነካትም። ከእነዚህ ውጭ ግን ሥራ ሥራ ነው፤ አይደለም ወይ?» ብዬ ጨመርሁ።

ልጄ የተማሪ ጣቷን አወጣች። «የኔታ፣ ቅዳሜና እሑድስ?»

«እነሱማ ሰንበት ናቸው!» አሉ የኔታ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል ወይ በሚል ድምፅ። «ቀዳሚት ሰንበትና ሰንበተ ክርስቲያን። ማን ይነካቸዋል?»

ባለቤቴ እኔን አየች፤ እኔ ወረቀቱን አየሁ። ቅዳሜና እሑድ! የወረቀቱ ቅቤ ያለው እዚያ ነው! እንግሊዝኛው፣ ኪቦርዱ፣ ቴኳንዶው፣ ሥዕሉ።

«የኔታ» አልሁ፣ ድምፄ የሥልጠና ድምፅ ሆነ፤ «ዓለም እየሮጠ ነው። ልጅቷ ወደ ኋላ ትቀራለች።»

«ከማን?»

«ከሌሎቹ ልጆች ነዋ።»

«እነሱስ ወዴት ነው የሚሄዱ?»

ብዙ ስብሰባ መርቻለሁ፤ ለማንኛውም ጥያቄ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ የማመልጥ ሰው ነኝ። ያን ዕለት እሱም ጠፋብኝ። የወይዘሮዋ ልጅ በቼዝና በቫዮሊን ወዴት እንደምትሄድ እውነት አላውቅም። የኔታ ወረቀቱን አጥፈው ለእኔ ሳይሆን ለልጄ ሰጧት። ሦስት ቀን አስፈርዳለሁ ብዬ ሄጄ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ተፈርዶብኝ ተመለስሁ።

ወይዘሮዋ በአጥር ብቅ ብላ «ምነው፣ ልጅቷን አሞባችሁ ነው?» አለች። ባለቤቴ ኩራቷን ሰብስባ «ሰንበት እናከብራለን» አለቻት። በዓለም ላይ ላለ ውድድር ሁሉ መልስ ያላት ሴት አንገቷን ከአጥሩ መልሳ ገባች። ባለቤቴ ያን ሳምንት ሙሉ ፈገግ እንዳለች ዋለች። ዕረፍትን እንኳ ጎረቤት ማሸነፊያ አደረግነው እኮ! አንድናለን?

የመጀመሪያዋ ባዶ ቅዳሜ መጣች። ልጄ ሁለት ሰዓት ላይ ተጣጥባ፣ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንግታ ሳሎን ቆመች።

«አሁን ምን አለኝ?»

«ምንም።»

«ከምንም በኋላስ?»

ባለቤቴ አዲስ ወረቀት አውጥታ «የዕረፍት ፕሮግራም» የሚል ርዕስ ጽፋ ነበር፤ ሦስት ሰዓት መቀመጥ፣ አራት ሰዓት ማየት፣ እያለች። ሳትጨርሰው ልጄን እጇን ይዤ ወጣሁ። በእግር። ለልጄ እግር አዲስ ነገር ነበር፤ በየመንገዱ ባጃጅ ባየች ቁጥር እጇን ታነሣለች። ጣና ዳር ስንደርስ ቆመችና «ሁልጊዜም ይህን ያህላል?» አለችኝ። ከዚያ ቀን በፊት የምታውቀው ጣና በባጃጅ መጋረጃ ቀዳዳ የሚታየውን፣ ክንድ የማይሞላውን ነው።

ከአንድ ዋርካ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ሆኖ መረቡን ጥሎ ይጠብቃል። ልጄ አየችው። አሁንም አየችው። ሰውየው ምንም አላደረገም፤ እሷም እሱን ምንም ሲያደርግ ማየት አልሰለቻትም። እኔ ግን በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ወገቤን አከክሁ፣ ጉልበቴን ነቀነቅሁ፣ ስልኬን አወጣሁ። አውራ ጣቴን ሦስት ጊዜ እንዳንሸራተትሁ፣

«አባዬ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከታንኳው ሳታነሣ፤ «ግንባርህን አልቦሃል። ሥራ እየሠራህ ነው።»

ስልኩን ኪሴ ከተትሁ። ሌላ መሄጃ ስላልነበረኝ ወሬ ጀመርሁ። «አንዲት ፍየል ነበረች…»

ቀና ብላ አየችኝ። «ረጅም ነው?» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ጢሙን አወራሁ፤ ሣቀች። ፍየሏ ሁለት ዓመት የቆመችበትን እግር አንሥታ ጀልባው ላይ ወጣች። መሀል ጣና ላይ ባለ ጀልባው የተሳፋሪዎቹን ስም የጻፈበትን ወረቀት ፍየሏ በላችው። ባሕር ዳር ሲደርሱ ተቆጣጣሪው «ዝርዝር?» አለ። «ፍየሏ በላችው።» «ዝርዝር ከሌለ ሰው የለም፤ የሌለ ሰው አይወርድም።» ተሳፋሪው ሁሉ «ኧረ አለን!» እያለ ጮኸ። ባለ ጀልባው «ዝርዝሩም አለ፤ ሆዷ ውስጥ ነው!» አለ። ተቆጣጣሪው ወንበር ስቦ ከፍየሏ በስተኋላ ተቀመጠና «እንግዲያው እስኪወጣ እንጠብቃለን» አለ።

ጨረስሁ። በሁለት ዓመቷ ጨረስኋት። ልጄን አየሁ።

«አያስቅም» አለች።

«እንዴት?»

«ጢሙ ያስቃል። መጨረሻው ላይ ግን ቸኮልህ። ሰውየው ገና ሳይቀመጥ አናገርኸው።»

ልክ ናት። ታቋርጠኛለች ብዬ በሩጫ ነው የጨረስሁት። እሷን ወረቀቱ አሯሯጣት እላለሁ፤ እኔንስ ማን አሯሯጠኝ?

«ድገመው» አለች። «መጀመሪያ ሰውየው ይቀመጥ።»

ደገምሁ። ሰውየው ወንበር ፈለገ። አንዱ እግሩ የተሰበረ ነው፤ ሌላ ፈለገ። አቧራውን ጠረገ፣ ከፍየሏ ኋላ አስተካክሎ አስቀመጠው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ በጣቱ ለካ፣ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገው፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ላይ ሳብ ሳብ አደረገና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ልጄ ሰውየው አፉን ሳይከፍት ከድንጋዩ ላይ ተንሸራታ መሬት ላይ ተንከባለለች። ባለ ታንኳው ዞር ብሎ አየን።

ሣቋ ሲያልቅ አፈሩን ከቀሚሷ ላይ አራገፈችና «አባዬ» አለችኝ፤ «ያቺ ፍየል የሁሉንም ሰው ወረቀት ትበላለች?»

«ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲያው ነው።»

ወረቀቱ ዛሬም ፍሪጁ ላይ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ክፍል አራቱንም ቀለም እንደያዘ ቤቱን ይገዛል፤ ባለቤቴ ዓርብ ላይ ቼዝ ልትመልስ እያሰበች እንደሆነም አውቃለሁ። ቅዳሜና እሑድ የነበሩበት ጫፍ ግን የለም። ዳሩ እንደ መቀስ ቀጥ ያለ አይደለም፤ የተነከሰ ይመስላል። ማን እንደበላው አልጠየቅሁም። ዝርዝሩ እስኪወጣ እንጠብቃለን።